አንዴ ብቻ የተጠየቁት እንግዳ

ሞላሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናብና ጣራ ከማይላቀቁበት አገር ላለሽው ለእትዬ ምሥራቅ፤

የጓሳ ሣር ውርጩን ችሎ እንደሚቆም አንቺንም ብርዱን ያስችልሽ፤ አሜን በዪ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ማለትም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ደህና ነበርን።

አሁን ቁጭ በዪ። ተቀምጠሽ ከሆነም ተነሺና እንደገና ተቀመጪ፤ የማረዳሽ ነገር አለኝ። በሞላሌ ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየ፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ምሳ ሳይበሉ ወደ መንደራቸው ወደ ቀየት ተመልሰዋል። በዚህም የተነሳ የወንድሜ የአትናቴዎስ ጋብቻ ሊያጣጥር ነው። አጥፊው ኪዳነ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ዋናዋ አጥፊ ሊድስ ተቀምጣ የፈረንጅ አዛውንት የምትንከባከብ፣ የአያቴ እህት የልጅ ልጅ ናት እላለሁ። አወቅሻት?

እንግሊዝኛ አስተምሪኝ ብዬሽ በመስከረም ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ? «እዚህ ሰው ሊጋብዝህ ሲፈልግ ‹ኢትስ ኦን ሚ› ይላል፤ ሂሳቡ በእኔ ነው ማለቱ ነው። ‹ማይ ትሪት› ካለህም ያው ግብዣ ነው። ሱቅ ሲወጣ ‹ካን አይ ጌት ዩ ኤኒቲንግ?› ይልሃል፤ ላምጣልህ የምትፈልገው አለ ወይ ነው። ‹ኖ፣ አይም ፋይን›፣ አይ ይቅርብኝ፣ ካልክ ግን አለቀ። ሁለተኛ አይጠይቅህም። ቃልህን አምኖ ይሄዳል።» ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ቀላል አገር ነው! እኛ ዘንድ አንድ ሰው አንድ እንጀራ እስኪበላ ሦስት ሰው ይምላል፣ ሁለት ሰው ይጣላል። ትምህርት ጠልቼ አሥረኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ይህን ትምህርት ግን ወደድኩት። በተግባር ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ።

አትናቴዎስ የሚያጫት ጌታነሽ የአቶ ወልደ አማኑኤል ልጅ መሆኗን ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ተልኮ «እናስብበት» ብለዋል። ከዚያ በገበያ ቀን በጎች ይዘው ሞላሌ ወረዱ፤ ለበጎቹ ሳይሆን ቤታችንን ሊያዩ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አትናቴዎስ ለልብስ ስፌቱ ክር ሊገዛ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዶ ስለነበር «ምሳ አብላቸው፤ አደራ!» ብሎ እኔን አደራ ሰጠኝ። ለእኔ አደራ የሚሰጥ ሰው ራሱ መመርመር አለበት።

እትዬ ዓለሚቱ ምግብ ቤት አስገባኋቸው። ተቀመጥን። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ፣

«ጋሼ፣ ምሳ እንብላ። ሂሳቡ በእኔ ነው» አልኩ።

«ኧረ በልቼ ነው የወጣሁት ልጄ» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

አለቀ። እትዬ ዓለሚቱ ሁለት ሰው የሚበላበት ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዓይኗ የጉልት ሎሚ አከለ።

«ምን ማለት ነው እሺ?» አለችኝ።

«በልተዋል።»

«አንተ! የማን ዘር ነህ? ማል እንጂ! ‹በሞቴ› በል እንጂ!»

«ቃላቸውን አምኛለሁ» አልኳትና ትሪውን ተቀብዬ ብቻዬን በላሁ። ሽሮ ነበር፣ ጨው ትንሽ በዝቶበታል። አቶ ወልደ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ያለውን የዓምና የቀን መቁጠሪያ ሲያዩ ቆዩ። አንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ተነሡ፣ እጄን ጨበጡኝ፣ በቅሏቸውን ፈትተው ሄዱ።

እኔ እስከዚያ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ትናንት ግን፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ለመልስ የተቀጠሩት ሽማግሎች ባዶ እጃቸውን መጡ። «ነገሩ ይቆይ» ተብለዋል። «ይቆይ» ብቻ! አትናቴዎስ የምሳውን ነገር ከእትዬ ዓለሚቱ ሰማና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረግጦ አቆመ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ ይህ ሁሉ መከራ የመጣው በትምህርትሽ ስለሆነ ለካሣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ ካን አይ ጌት ዩ ኤኒቲንግ? ከሞላሌ የምትፈልጊው ካለ በዪ። (ኔትወርክ አንዴ መጥቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ደብዳቤዎቼን ደብተር ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ። ሲመጣ እልክልሻለሁ። ከዘገየብሽ እኔን ሳይሆን ኮረብታውን ስደቢ።)

ጥፋተኛ ተብሎ የተከሰሰው፣
ኪዳነ


ሊድስ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017

ለኪዳነ፣ ለቤቱ መዓት፤

ልቡና ይስጥህ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት አልመጣልኝም።

ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ወንበር ቀየረች። ከዚያ ስለ አትናቴዎስ ሳስብ ሳቄ ጠፋ። እሱ እኮ ከጌታነሽ ሌላ ሴት አይቶ አያውቅም። አንተ ደግሞ የፈረንጅ ወግ ማን ላይ ሞከርክ? ለወንድምህ አማት ሊሆኑ በመጡ ሰው ላይ!

ይልቅ ተገላቢጦሹን ልንገርህ። ሥራ ቦታ የአንዷ ልደት ነበርና አሥራ አንድ ሆነን ካፌ ሄድን። ሂሳብ ሲመጣ እኔም እንደ አገሬ ልማድ «ኢትስ ኦን ሚ!» ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ምን እንደጠበቅሁ ታውቃለህ። አንዷ እጄን ትይዛለች፣ አንዷ «አይሆንም» ትላለች፣ አስተናጋጁን እየጎተትን ትንሽ እንታገላለን፣ በመጨረሻ ሁላችንም ተካፍለን እንከፍላለን። ቦርሳዬን እንደከፈትኩ ቆየሁ። ማንም አልያዘኝም። «ኦ፣ ሃው ላቭሊ!» አሉኝ፣ እንዴት ደስ ይላል ማለታቸው ነው፤ አመሰገኑኝ፤ ኮታቸውን ለበሱ። ለአሥራ አንድ ሰው ከፈልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ በእግሬ ነው የሄድኩት። ለእግር ጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

አሁን ስማኝ። ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ። እንዳትቀልድ። አትናቴዎስን እንዳታናግረው፤ መጀመሪያ እሳቸውን አናግር።

ስልኩን እናያለን። እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አልፈልግም፤ አታስቡ። እማዬ ትጠይቀኛለች ወይ? ስለ እኔ ምን ትላለች?

እህትህ ምሥራቅ


ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ምሥራቅ፣ ለአሥራ አንድ ፈረንጅ ጋባዥ፤

እግርሽን ያጽናልሽ። ለእግሬም አብረን እንጸልይ፣ ምክንያቱን አሁን ትሰሚያለሽ።

እናትሽ ደህና ናት። ስለ አንቺ «ስልክ ስትደውል ድምፅዋ አጭር ነው» ትላለች። ድምፅ አጭር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ አንቺ ይገባሽ ይሆናል።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አትናቴዎስ እንዴት እንደሚቀጣኝ ልንገርሽ። ማታ እንጀራ ያቀርባል፣ «ትበላለህ?» ይለኛል። እኔም ከሕፃንነቴ በለመደ ምላሴ «ቆይ፣ ብላ አንተ» እላለሁ። «እሺ» ይልና መሶቡን ይዘጋል! ሦስት ቀን ጾሜ አደርኩ። በራሴ ሕግ ነው የታሰርኩት። አራተኛው ቀን «ትበላ…» ሳይል «አዎ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት መጣ።

ከዚያ ምክርሽን ሰማሁ። ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ በጠዋት ወደ ቀየት ተነሣሁ። መኪና አልተገኘም፣ በእግሬ። የጫማዬ ሶል ግማሽ መንገድ ላይ ተገንጥሎ አፉን ከፍቶ ያወራል። ውርጭ በአንድ ጉንጭ፣ ፀሐይ በአንድ ጉንጭ። ስደርስ ቀትር ሆኗል፣ አቶ ወልደ አማኑኤል ከቤታቸው ደጃፍ ለምሳ ቀርበዋል፤ ጾም ስለሆነ የገብስ እንጀራ በክክ ወጥ። ሽታው ከሩቅ ነው የተቀበለኝ።

«ግባ ልጄ። ትበላለህ?» አሉኝ።

እትዬ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ነገር ግን ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አስቀድሞ አይጎርስም፤ ነውር ነው። «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁ ጋሼ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። እሺ! እና በሉ። ቀስ ብለው በሉ። እኔ ስኳሬን አቅፌ የበሩን መቃን ሳይ ቆየሁ፤ የቀን መቁጠሪያ እንኳ አልነበረም። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «ልጁ አይበላም?» ሲሉ «በልቷል፤ ብሎኛል» አሏቸው። ጌታነሽ ከኋላ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየሁም።

ይቅርታውን እንዴት እንደጀመርኩ እንኳ አላስታውስም። «ጋሼ፣ ስለዚያ ምሳ…» ስል «የምን ምሳ?» አሉ። «የምን ምሳ» ማለት የረሳ ሰው ቃል ነው ወይስ ቂም የያዘ ሰው ቃል? መንገዱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል ተመለስኩ። አትናቴዎስ ደጃፍ ቆሞ ነበር።

«ምን አሉ?»

«‹የምን ምሳ› አሉ።»

«በቃ፣ ሞተናል» አለና ገባ።

ስልኩን ትቼዋለሁ። ጫማ ብትልኪልኝ ግን አልጠላም፤ አርባ ሁለት ቁጥር ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ እጠይቅሻለሁ፣ ምን ልላክልሽ? አንድ ነገር በዪኝ እንጂ።

በራሱ ሕግ የተራበው፣
ኪዳነ


ሊድስ፣ ጥር 1 ቀን 2017

ኪዳነ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዛ። ጫማውን ሰው ካገኘሁ እልካለሁ። አትናቴዎስን አይዞህ በልልኝ። አቶ ወልደ አማኑኤልን ከእንግዲህ አታስጨንቃቸው። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አልፈልግም።

ምሥራቅ


ሞላሌ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ምሥራቅ፤

ሰላምታው ዛሬ አጭር ይሁን፣ ልቤ አይቀመጥም። ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አላነበብኩላትም። «ኔትወርክ የለም» አልኳት። ይህን የምልሽ እኔ፣ በበዓል ዶሮ ላይ እንኳ ሳይቀር የቀለድኩ ልጅ፣ ዛሬ ቀልድ ስላጣሁ ነው።

ያልተባለውን መስማት የተማርኩት ሆዴ ባዶ ሆኖ ቀየት ደጃፍ ላይ ነው። አንድ ሰው «በልቻለሁ» ሲል ሆዱ ምን ይላል? እኔ የአቶ ወልደ አማኑኤልን አልሰማሁም፤ አትናቴዎስ ይኸው ዋጋውን እየከፈለ ነው። ከገና ወዲህ የሸሚዝ እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጦ ሰፍቷል። የሸሚዙ ባለቤት ሲመጣ እንኳ ልብ አላለም። ምሽት ላይ ኩርፊያውን ረስቶ «ኪዳነ፣ እሷ ራሷ እምቢ ብላ ቢሆንስ?» አለኝ። «ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር» አልኩት። ሌሊቱን አልተኛም፣ እኔንም አላስተኛኝም።

አሁን ደግሞ አቶ ወልደ አማኑኤል መልእክት ልከዋል። ሽማግሎቹን ሁሉ አይደለም፣ መሪጌታ ተክለጻድቅን ብቻ፣ በጥምቀት ማግስት ቀየት እንዲመጡ። ብቻቸውን! የሽማግሌዎቹን አለቃ ብቻውን ጠርቶ መልካም ነገር የሚነግር ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አትናቴዎስ «እንዳልዋረድ ነው፣ በሰው ፊት እምቢ ላለማለት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ የሌለ ሥራ ፈልጌ ቤት ለቤት እዞራለሁ። እትዬ ዓለሚቱ ውኃ ቅዳ ብትለኝ ቀዳሁ። በዚያ ምሳ ከደነገጠች ጀምሮ ነፃ ሽሮ ትሰጠኛለች፤ «ትበላለህ?» አትለኝም፣ አፌ ውስጥ ትከታለች።

ወደ አንቺ ልመለስ። መጀመሪያ ጠየቅሁሽ፤ «ምንም አልፈልግም» አልሽ። ሁለተኛ ጠየቅሁሽ፤ ጭራሽ በስድስት መስመር «ምንም አልፈልግም» አልሽ። ፈረንጅ ቢሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ኮቱን ለብሶ ሄዷል። እኔ ግን ከሞላሌ ነኝ። ሦስተኛው ላይ ነው እንግዳ እጁን የሚታጠበው።

በሞቴ። አፈር ስሆን። በቀየት ደጃፍ ላይ በቀረው ሆዴ። ምን ሆነሻል? ምን ይጎድልሻል? ስልክ አልፈልግም፣ ጫማም አልፈልግም፤ ሽቦ አስሬበታለሁ፣ ይዞልኛል። መልስ ብቻ ላኪ።

ኪዳነ


ሊድስ፣ ጥር 13 ቀን 2017

ለወንድሜ ለኪዳነ፤

ዕድሜህን ያርዝመው፤ ዛሬ ከልቤ ነው የምመርቅህ።

እሺ። እነግርሃለሁ።

ያን ጊዜ ሥራ አልበዛም ነበር። ታምሜ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ። እጅግ የከፋ አይደለም፣ ጉንፋን ነው ደረት የገባ፤ ግን ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። እቤት ውስጥ ዳቦ አለቀ። ሊንዳ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ መልእክት ላከች፣ «ሱቅ እየሄድኩ ነው፤ ላምጣልሽ የምትፈልጊው አለ?» ብላ። እጄ በራሱ ጊዜ «ኖ፣ አይም ፋይን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። ኮርኒሱን እያየሁ ሰዓቱ ሄደ። አልመጣም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራ ቦታ ሻይ አልጠጣሁም ብል ታምነኛለህ? ሁልጊዜ አንዴ ይጠይቁኛል፣ አንዴ እምቢ እላለሁ፣ ለሌላው ይቀዳሉ። ለአንተ በመስከረም እንደ ቀልድ ጽፌ ያስተማርኩህ ይህንን ነው። ቀልድ አልነበረም።

እነሱ ክፉ ሆነው አይደለም። ቃሌን አክብረው ነው። ግን ለራበው ሰው ክብር ብቻ አይበቃም።

የአንተ «በሞቴ» ሲደርሰኝ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሣሁና ለሊንዳ ጻፍኩ፣ «ባለፈው የጠየቅሽኝ ነገር አሁንም ይሠራል? ዳቦ፣ ሎሚና ዝንጅብል» ብዬ። ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ደርሳ በሩን አንኳኳች። ፊቴን ስታይ «ለምንድነው ቀድመሽ ያልነገርሽኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ስለ ቀየቱ ሽማግሌና ስለ ሽሮው ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወች። አሁን ሻይ ስትቀዳ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ሦስት ጊዜ በአንዴ ትጠይቀኛለች። እኔም ከአንዱ ጀምሮ «የስ» እላለሁ፤ ግን እሷ እስከ ሦስት መቁጠር አልተወችም።

የምፈልገው በሶ ነው። የመንዝ ገብስ በሶ፣ እማዬ የቆላችው። ትንሽ ይበቃኛል።

ስለ መሪጌታው ጉዞ ቶሎ ጻፍልኝ። እኔም እዚህ መቀመጥ አልቻልኩም።

ምሥራቅ


ሞላሌ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ምሥራቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ «የስ» ለምትለው፤

እግዚአብሔር ደረትሽን ይክፈትልሽ፣ ሊንዳንም ይባርካት፤ ስሟን ለመሪጌታ ተክለጻድቅ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በጸሎት «ልንዳ» ነው የሚሏት።

መሪጌታው በጥምቀት ማግስት ሄደው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ደጃፍ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። አትናቴዎስ መርፌ በአፉ ይዞ ነበር፣ ሊውጣት ትንሽ ቀረው። መሪጌታው በበቅሎ ላይ እንዳሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ውኃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ሌላ ጠየቁ። እኔ እኮ ቀልደኛ ነኝ፣ ሽማግሌ ግን ይበልጠኛል።

«አባቴ፣ ይናገሩ እንጂ!» አልኩ።

«የምሳውን ነገር አነሣሁባቸው» አሉ። «‹ልጁ አጥፍቷል፣ ይቅር ይበሉት› ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ሳቁብኝ።»

«ሳቁ?»

«እንዲህ አሉኝ፤ ‹መሪጌታ፣ እኔ ስድሳ አምስት ዓመት በልቻለሁ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አንድም ሰው አምኖኝ አያውቅም። ጨጓራዬ ተልጦ ሐኪም በርበሬ ከልክሎኝ እንኳ በሞቴ እያሉ አጉርሰውኛል። የዚያን ቀን ሞላሌ ገበያ ስደርስ የዓለሚቱ ሽሮ ሽታ ብቻ አንጀቴን አቃጠለኝ። ያ ልጅ አንዴ አልበላም ስለው አመነኝ! በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው፤ ተመስገን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ተነፈስኩ። ልጄን ለዚህ ቤት እሰጣለሁ አልኩ። ሲመጣም እኔ ቃሉን አከበርኩለት፤ የቤታቸው ወግ መሰለኝ› አሉ።»

እትዬ፣ የቤታችን ወግ! በእኔ የተነሳ ቤታችን ወግ አለው!

አትናቴዎስ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ «ታዲያ ‹ነገሩ ይቆይ› ያሉት ለምንድነው?» አለ።

«‹ገብሴ አውድማ ላይ ሆኖ በየትኛው እህል ነው ሠርግ የምደግሰው?› አሉ። አሁን ተወቅቷል። ብቻዬን የጠሩኝም ስለ ጨጓራቸው በሽማግሎቹ ፊት እንዳይወራ ነው። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው።»

አትናቴዎስ እኔን አቅፎ አለቀሰ፣ ከዚያ ምን እንዳስታወሰ አላውቅም፣ በጥፊ አለኝ። ሁለቱንም በደስታ ተቀበልኩ። ጌታነሽም ያን ቀን ስትስቅ ነበር፤ ራሷ ነገረችው። እኔ ደጃፋቸው ላይ ስኳር አቅፌ ቆሜ መቃኑን ሳይ፣ «በሕይወቴ እንዲህ የተራበ ሰው አላየሁም» ብላዋለች። አባቷ ግን ለሠርጉ ዕለት አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል፦ ማንም እንዳያጎርሳቸው፣ አጠገባቸው እኔ እንድቀመጥ። ሥራዬ «በልተዋል፣ ብለዋል» ማለት ነው። ለአደራ ተመርጫለሁ፣ ስሚ!

ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ከፍተሽ «መከራ» የሚለውን ቃል ሰርዢልኝ። ይህ ሁሉ ወረቀት፣ ይህ ሁሉ ጫማ፣ የአትናቴዎስ የተገለበጠ እጅጌ፣ የኔ ሦስት ሌሊት ጾም፣ ለካ ስለ አንድ ሳህን ጨው የበዛበት ሽሮ ነበር። ትንሽ ነገር ናት። ከትንሽም ትንሽ።

በሶውን እናትሽ ቆልታ ፈጭታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ወደ እንግሊዝ ለሚሄድ ሰው ሰጥታለች። ሲደርስሽ «ለምን ተቸገራችሁ» እንዳትዪ። እኔ ቃል የማምን ሰው ነኝ፤ አስመልሼ እበላዋለሁ።

የሙሽራው ወንድምና የሙሽራዋ አባት ጨጓራ ጠባቂ፣
ኪዳነ